የሰፈራችን ቅልጥም

ሐሙስ፣ ኅዳር አምስት ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ክዳን ገላጩ የድስታችንን ክዳን አነሳና ዝም አለ። ክዳን አንስቶ ዝም ያለበት ቤት እስከዚያ ቀን ድረስ በከተማችን አልነበረም። እኔና ባለቤቴ ከኋላው ቆመን ነበር። ልጃችን ትርንጎ መደቡ ላይ እግሮቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። ዓይኗ ድስቱ ላይ አልነበረም፤ የገላጩን ፊት ነበር የምታየው።

የሌላ አገር ሰው ይህን ቢያነብ እንዳይቸገር መጀመሪያ ስለ ገላጩ ሥራ ልናገር።

በከተማችን በየቀኑ እኩለ ቀን ሲሆን ክዳን ገላጩ ከመንገዱ ራስ ተነስቶ ቤት ለቤት ይሄዳል። ጫፉ የተቆለመመ ረጅም ዘንግ ይይዛል። አባትና እናት ደጅ ወጥተው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይቀበሉታል። ገብቶ በዘንጉ የድስቱን ክዳን ያነሳል፤ ያያል፤ ያሸታል፤ ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ ያየውን ለመንገዱ ሁሉ ይጠራል። «ሥጋ» ወይም «ሽሮ» ወይም «ውሃ» ይላል። ሌላ ቃል አልተሰጠውም። ጎመን ያበሰለ ሽሮ ይባላል፤ ዶሮ የሠራ ሥጋ ይባላል፤ ቆሎ ቆርጥሞ የሚያድር ውሃ ይባላል። ክዳን የማያነሳው ሐዘን ቤት ብቻ ነው። እዚያ ሲደርስ ዘንጉን ዝቅ አድርጎ ያልፋል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ገላጩ በጥንት ጊዜ የሚዞረው የተራበ ቤት ፈልጎ ለጎረቤት ለመንገር ነበር። «ውሃ» ብሎ ሲጠራ ሰው እህል ተሸክሞ ይሮጥ ነበር አሉ። እኔ በደረስሁበት ዘመን «ውሃ» ሲባል ሰው የሚሮጠው በሩን ለመዝጋት ነው። የውሃ ቤት ልጅ አይታጭም። የውሃ ቤት ሰው ምስክር አይሆንም። የእኔ ሥራ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር፤ የውሃ ቤት አልቃሽ አትጠራም። ለራሷ ታለቅሳለች እንጂ ለሟች አታለቅስም ይባላል።

አልቃሽ ነኝ። ሙሾ ማውረድ ያስተማረኝ የለም። ልጅ ሆኜ የማላውቀውን ሰው ሬሳ ሁሉ እየተከተልሁ እሰማ ነበር፤ ወደ ቤቴ ስመለስ የሰማሁትን በየድንጋዩ ላይ አለቅሰዋለሁ። ፊደልም የለየሁት እንደዚሁ ከመቃብር ድንጋይ ላይ ነው። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ አንብቤ የማውቀው የሞቱ ሰዎችን ስም ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ይርዳው ክዳን ወልዋይ ነው። ክዳን በከተማችን ከድስት ይበልጣል። ክዳን ከአባወራው ደረት እንዳያንስ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ የሀብታሞቹማ በር የሚያህል ነው፤ የሚያነሱለት ሁለት ሰዎች ገላጩን ተከትለው ይሄዱ ነበር። ይርዳው የሰውን ክዳን በአመድና በሎሚ ሲወለውል ይውላል። «እኔ ባበራሁት ላይ ፊቴን እያየሁ ጦሜን አድራለሁ» ይል ነበር፤ እየሳቀ ነው የሚለው፣ በኋላ ግን ሳቁን ተወው።

የቤቱን ወጪ የማስተዳድረው እኔ ነበርሁ። አስቀድሞ የሚወጣው ለክዳን ነው። ቀጥሎ ለቅልጥም፣ ቀጥሎ ለስንጥር። የቀረው ለሆድ ነው።

ስለ ስንጥሩ ላስረዳ። ከቀትር በኋላ ልጆች ደጅ ወጥተው ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ እንዲቆሙ ይደረጋል፤ በመካከላቸው ሥጋ የተሰነቀረ እንዲመስል ነው። ስንጥር ሻጩ ሁለት ዓይነት ይዞ ይመጣል፤ ተራውንና በሞራ የተቀባውን። እኔ የምገዛው የተቀባውን ነው። ትርንጎ ሞራውን ትልስና ተራ ሆኖ በቀረው ትጎረጉራለች።

ቅልጥሙም እንዲህ ነው። «ሥጋ» መባል ግድ ሆኖ፣ ሥጋ መግዛት ደግሞ ስላልተቻለ፣ ከውሃ ጉድጓዱ እስከ ጥዱ ድረስ ያለን ቤቶች ማኅበር ገብተን አንድ የበሬ ቅልጥም በጋራ ገዛን። ቅልጥሙ ከገላጩ ፊት ፊት ይሄዳል። ገላጩ አንዱን ቤት ጠርቶ ሲወጣ፣ የማኅበሩ አሯሯጭ በጓሮ ገብቶ ቅልጥሙን ከድስቱ ያወጣና በቅጠል ጠቅልሎ፣ አጥር ዘሎ፣ ለሚቀጥለው ቤት ያቀብላል። እዚያ ደግሞ ውሃ ፈልቶ ይጠብቀዋል። ገላጩም ጨዋ ሰው ነበር። ከአንዱ ቤት ወጥቶ ሌላው ሳይደርስ ቆም ብሎ ጫማውን ያራግፋል፤ በሩ ላይ ሲደርስ ያስላል። አንድ ጊዜ አሯሯጩን አጥር ላይ ልብሱ ይዞት ቢዘገይ፣ ገላጩ ቅልጥሙ እስኪደርስ ሲያስል ቆይቶ ሦስት ቀን ድምፁ ተዘጋ። በእነዚያ ቀናት ያየውን የሚጠራው በጣቱ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ከእሳቸው በታች አሯሯጭ አለ፣ አጣቢ አለ፣ የሌሊት ጠባቂ አለ፣ ለኪ አለ። ለኪው በየወሩ ቅልጥሙን በክር ይለካል። ከመቀቀል ብዛት ቅልጥሙ እየቀለለ ሲሄድ መዋጮው ጨመረ። መጀመሪያ ለቅልጥሙ ነበር የምናዋጣው፤ ኋላ ለጠባቂው፣ ለሳጥኑ፣ ለጨው፣ ለአሯሯጩ ጫማ ሆነ። ይርዳው በስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ይህንን ሁሉ ከምናዋጣ በየተራ እውነተኛ ሥጋ ብንገዛስ ብሎ ጠየቀ። ሥጋ ከተገዛ ይበላል፣ ከተበላ ደግሞ ነገ ምን ይጠራል ተብሎ መልስ ተሰጠው። ተቀመጠ። መንገድ ላይ እንዳሳፈረኝ ነገርሁት።

ትርንጎ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር። እግሮቿ መጉበጥ ጀምረው ነበር። ስትቆም ጉልበቶቿ አይነካኩም። ልጆች «በእግርሽ መሃል በግ ይሾልካል» ይሏታል። እሷም «በግ ካላችሁ አምጡትና ይሹለክ፤ ስንይዘው እንበላዋለን» ትላቸዋለች። ቤት ስትገባ ግን ግድግዳ ተደግፋ ጉልበቶቿን በመቀነት አጥብቃ ታስርና ትቆማለች። እንዲህ ሆና አግኝቻት በሩን መልሼ ዘግቼ ወጥቼ አውቃለሁ።

ወጌሻ ወሰድናት። ከአደባባዩ ማዶ፣ ገላጩ ከማይደርስበት የሚኖር ሰው ነው። እግሮቿን ከላይ እስከ ታች ዳበሰና አጥንቷ ለጋ ነው አለን። ወተት ትጠጣ፤ መቅኔ ከተገኘም ትብላ፤ ፀሐይ ትቀመጥ። ክረምት ሳይገባ ከሆነ ይቃናል፤ አጥንቱ ከጸና በኋላ ግን እንደጎበጠ ነው የሚጸናው አለ። ትርንጎ መቅኔ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። የራሷን ቅልጥም በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ነው አላት።

እንግዲህ «ወተት ግዙ» ማለት ቀላል ነገር ይመስላል። በከተማችን ወተት ሻጩ ቃጭል አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው፤ ቃጭሉ የትኛው በር ላይ እንደቆመ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ወተት የሚጠጣው የሚያኝከው ያጣ ነው ይባላል። ፍየል የታሰረበት ቤትማ ገላጩ ገብቶ ክዳን አያነሳም፤ ከደጅ ሆኖ «ውሃ» ብሎ ያልፋል። ይህ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ ተርፎን ቢሆን ነው። የቅልጥሙን መዋጮ ትተን ወተቱን እንግዛ አለ ይርዳው። እኔ በቅልጥሙ «ሥጋ» እንባላለን፣ «ሥጋ» ስንባል ለለቅሶ እጠራለሁ፣ ስጠራ ገንዘብ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ወተቱ ይገዛል አልሁ። ሒሳቡ ልክ ነበር። ከወር ወደ ወር ልክ እንደሆነ ቆየ።

አሁን ወደ ኅዳር አምስት ልመለስ።

ያን ቀን ጠዋት ትርንጎ ክዳኑን ስወለውል እያየችኝ ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ቅልጥሙ የማን ነው?»

«የሁላችን ነው።»

«የኛም?»

«አዎ፣ እኛም እናዋጣለን።»

«እኔም ከኛ ነኝ?»

«ታዲያ ከማን ልትሆኚ ኖሯል?»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ዝም ስትል ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

እኩለ ቀን ሲሆን አሯሯጩ ቅልጥሙን በጓሮ መስኮት አቀበለኝ። ከሚፈላው ውሃ ውስጥ ጨመርሁና ክዳኑን ገጥሜ፣ እንደ ደንቡ ገላጩን ልቀበል ከይርዳው ጋር ደጅ ወጣሁ። ገላጩ በሩ ላይ ቆሞ ማሳል ጀመረ። በሳሉ መሃል ከውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእሱ ደረት መሰለኝ፤ እግዜር ይማርዎ አልሁት።

ከዚያ ገባ። ክዳኑን አነሳ። ዝም አለ።

አንገቴን አስግጌ አየሁ። ቅልጥሙ በዘነዘና ለሁለት ተከፍሎ፣ ሁለቱም ግማሽ ውስጡን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጎን ለጎን ተንሳፏል። አጥንት በውሃ ላይ እንደማይንሳፈፍ የሚያውቅ ያውቃል፤ የእኛ ግን ተንሳፈፈ። ውስጡ ነጭ ነው፤ እንደ ሸምበቆ ክፍት ነው። መቅኔ አልነበረውም። መቅኔ የነበረበት ምልክትም አልነበረውም።

«ባዶ ነው፣ እማ» አለች ትርንጎ፤ ሰው መኖሩን የረሳች ትመስል ነበር። «ለእግሬ ብዬ ነበር። ምንም የለውም።»

ገላጩ ዘንጉን እንደያዘ፣ ክዳኑ ከዘንጉ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆመ። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ጥሪ እየጠበቀ ነው። «ሥጋ» እንዳይል አየነው፤ ማየታችንንም አይቷል። «ሽሮ» እንዳይል ሽሮ የለም። «ውሃ» ቢል ደግሞ እስከዚያ ድረስ «ሥጋ» ብሎ የጠራቸው ቤቶች ሁሉ፣ በዚያው ቀን የጠራቸውም ጭምር፣ ውሃ ሊሆኑ ነው። የእሱም አፍንጫ ውሃ ሊሆን ነው። ላቡ ክዳኑ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኝ ነበር። እኔ የማስበው ግን ስለ እሱም ስለ ቤቶቹም አልነበረም። ውሃ ከተባልን ከዚያ ወዲያ ማን ለቅሶ ይጠራኛል እያልሁ ነበር።

ቀስ ብሎ ክዳኑን መለሰ። ወደ በሩ ዞረ።

«የይርዳው ቤት» ብሎ ጠራ፤ ጉሮሮውንም ጠረገ። «ሐዘን።»

ዘንጉን ዝቅ አድርጎ ወጣና ሄደ። የቀሩትን ቤቶች ያን ቀን ሳይጠራ አለፋቸው፤ ሰፈር ሐዘን ላይ ነው ብሎ።

«ሐዘን» ከተባለ ሰው ይመጣል። ገና ምድጃው ሳይጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢያችንን ሞላው። አንዳንዱ ከበር ጀምሮ እያለቀሰ ገባ። ከዚያ ማን እንደሞተ ይፈልጉ ጀመር። ይርዳውን አዩት፤ ቆሟል። እኔን አዩኝ። ትርንጎን አዩዋት፤ እሷንም ትንሽ ቆየት ብለው ነው ያለፏት። አንዲት ሴትዮ ይርዳውን «አንተ ነህ ብዬ እኮ ነው እንዲህ የሆንኩት» ብላ ወቀሰችው። ይቅርታ ጠየቃት።

ወይዘሮ አስካለ መጡና በቀጥታ ወደ ምድጃው ገቡ። ክዳኑን በእጃቸው አንስተው አዩ። መልሰው ከደኑ። ሲወጡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር።

«ቅልጥማችን ነው» አሉ።

ለቅሶው ያን ጊዜ በእውነት ተነሳ።

ትርንጎ ከመደቡ ወርዳ፣ በተጣመሙት እግሮቿ ሰዉን እየገፋች ከፊታቸው ደርሳ፣ «እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ እትዬ» አለቻቸው።

ወይዘሮ አስካለ አጎንብሰው ጉንጯን ዳሰሱ። ክፉ ሴት አልነበሩም። «ልጄ፣ ሞተ ነው የሚባለው» አሏት። «ተሰበረ አይባልም።»

«ውስጡ ግን ባዶ…»

ትከሻዋን ይዤ ወደ እኔ ሳብኋት። «ሐዘን ነው ያደረባት» አልሁ። ልጄን በሰው ፊት ዝም ያሰኘሁት በዚህ ቃል ነው። ቀና ብላ አየችኝ። ለክዳን፣ ለቅልጥም፣ ለስንጥር ያወጣሁት ሁሉ ሰው እንዳያፍርብኝ ነበር፤ ያን ቀን ያፈረችብኝ ልጄ ነበረች።

በማግስቱ ቅልጥሙ ተቀበረ። አናጢው ሳጥን ሠራለት፤ ሳጥኑ ለሕፃን ሬሳ ከሚሠራው ብዙም አያንስም። አሯሯጩ ይሸከመው ተባለና ተሸክሞት በጎዳናው መሃል ሲሄድ እየተሳቀቀ ነበር፤ በጓሮ እንጂ በፊት ለፊት ይዞት ሄዶ አያውቅም። የተቀበረው ጥዱ ሥር ነው። ገላጩም ከሩቅ ሆኖ ዘንጉን ዘቅዝቆ ቆመ።

ማልቀስ የእኔ ፋንታ ነበር። በዕድሜዬ እንዲህ ያስቸገረኝ ለቅሶ የለም። ለሟች ስታለቅስ እናቱን፣ እጁን፣ አነጋገሩን ታነሳለህ። ለቅልጥም ምን ይነሳለታል? ቆሜ ትንሽ ካሰብሁ በኋላ እንዲህ አልሁ፤

«ስንቱን ቤት አከበርህ ዞረህ በየጓሮ፣
ማን ይሸፍን እንግዲህ የዚህን ሰው ኑሮ።»

ሰው ደረቱን መታ፤ ጥሩ ተብሎ ተወደደ። እንባ ግን አልወረደም። አልቃሽ ይህን ቶሎ ታውቃለች። ቀና ስል ትርንጎን አየኋት። ከሰው ተለይታ፣ ከቀባሪው ጎጆ ፊት ቆማለች። ቀባሪው ክዳን የሌለው ሰው ስለሆነ ፍየል ነበረችው፤ የምትታለብ፣ ጡቷ መሬት ሊነካ የደረሰ። ትርንጎ የፍየሏን ጆሮ ይዛለች። ከኋላዋ ሰማዩ በእግሮቿ መሃል ይታያል። ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤

«ደረቅ አጥንት ይዘን ስናዞር ከቤት ቤት፣
ለጋው ጎበጠብን ስናጣለት ወተት።»

ሰዉ በአንድ ጊዜ አለቀሰ፤ ደረት ሳይመታ፣ እንደ ልጅ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ አለቀሰ። አሯሯጩ መሬት ላይ ተቀመጠ። ለኪው ክሩን ከኪሱ አውጥቶ ፊቱን ጠረገበት። እኔ አሁን የሆነ ነገር ሊሆን ነው ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ሰው ወደ ቤቱ ሮጦ ክዳኑን አውጥቶ የሚጥል መስሎኝ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ዓይናቸውን ጠርገው መጡና እጄን ጨበጡኝ። «በምሳሌ ታውቂበታለሽ፣ ደብሪቱ» አሉኝ። «ወተት ያልሽው መዋጮአችንን ነው፤ ገብቶኛል። ሳይጓደል ይከፈል ማለትሽ ነው።»

ሌሎቹም እንደዚያ ነው የገባቸው። እኔም አዎ አልሁ።

በአገራችን አልቃሽ ዋጋዋን የምትጠራው እዚያው መቃብሩ ላይ ነው፤ የጠራችው አይነፈጋትም። ወይዘሮ አስካለም እንደ ደንቡ «አልቃሽ ዋጋዋን ትጥራ» አሉ። ማኅበሩ ሌላ ቅልጥም ሊገዛ ተነጋግሯልና አዲሱን የተመለከተ ነገርም ቢሆን መጠየቅ እችላለሁ አሉኝ።

ይርዳው ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ፍየሏን በይ» አለ።

«ደጃችን ልናስራት?»

«ታዲያ የት? ጣራ ላይ አትታሰር።»

«ውሃ እንባላለን።»

«እንባል።»

«እኔ ከሥራ እወጣለሁ። ለአንተም ክዳን የሚሰጥህ የለም።»

«ደብሪቱ» አለኝ፤ ስሜን ሲጠራኝ ልመና ነው። «ክረምቱ እኮ መምጣቱ አይቀርም።»

ያን ጊዜ እንዲህ አሰብሁ። አዲስ ቅልጥም ሲገዛ በመቅኔ የተሞላ ነው። በመጀመሪያ የሚቀቀልበት ድስት ሙሉ መቅኔውን ያገኛል። ያ ድስት የእኔ ቢሆን ገላጩ «ሥጋ» ብሎ ይጠራናል፣ በዚያው ልጄም መቅኔውን ትጠጣለች። ፍየል የለ፣ ቃጭል የለ፣ ውሃ የለ። በአንድ ወጪ ሁለት ነገር። ቤት ማስተዳደር ማለት ይህ ነው ብዬ አሰብሁ። ይርዳውንም በዓይኔ ዝም አሰኘሁት።

«አዲሱ ቅልጥም ከእኔ ድስት ይጀምር» ብዬ ጠራሁ። «የመጀመሪያው ወር ሙሉ።»

ሰዉ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ክብር የሚጠይቅ ሰው ክብር ያውቃል አሉ። ትርንጎ የፍየሏን ጆሮ ለቀቀችና እንሂድ አለች። መንገድ ላይ አዘልኋት። ከጀርባዬ ሆና፣ አዲሱ ውስጡ ሙሉ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሙሉ ነው አልኋት።

አዲሱ ቅልጥም የመጣው የታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አጅቦት መጣ። አጣቢው በሁለት እጁ ይዞት ገባ፤ ወፍራም ነው፣ ከባድ ነው፣ ትንሽ ሥጋም ቀርቶበታል። ውሃው ፈልቷል። ትርንጎ የራሷን ሳህን አጥባ ይዛ ተቀምጣለች። አጣቢው ቅልጥሙን ወደ ድስቱ ሊጨምር ሲል ሁለቱን ጫፎች አየሁ። በሰም ታሽገዋል።

ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ወይዘሮ አስካለ በኩራት አስረዱኝ። ያለፈው ቅልጥም የሞተው መቅኔው በየቤቱ ድስት ፈስሶ አልቆበት ነው። ትርንጎ ያሳየችን ይህንን ነው፤ ልጅቷ ባትኖር አናውቀውም ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ ተሰብስቦ፣ ከአሁን ወዲያ መቅኔው እንዳይወጣ ጫፍና ጫፉ በወፍራም ሰም ይታሸግ ብሎ ወሰነ። የሰም ኃላፊም ተመርጧል፤ እንፋሎቱ ሰሙን ቢያላላው እንኳ በየማታው ይደፍነዋል። ለእሱ ደመወዝ መዋጮው ትንሽ ጨምሯል። እንዲህ ከተያዘ ለልጅ ልጆቻችን ይደርሳል አሉ።

ገላጩ አስሎ ገባ። ክዳኑን አነሳ። በከተማው ታሪክ እንደዚያ ቀን ጮክ ብሎ አልጠራም ይባላል።

«የይርዳው ቤት። ሥጋ።»

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ቅልጥሙም በጓሮ ከወጣ በኋላ፣ የቀረውን ውሃ በትርንጎ ሳህን ቀዳሁላት። ይርዳው ወደ ግድግዳው ዞሮ ክዳን ይወለውላል። ትርንጎ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ሳታቋርጥ ጠጣችው። እኔ ፊቷን እያየሁ ነበር።

«እንዴት ነው?» አልኋት።

አሰበችበት። ልታስደስተኝ ፈልጋ ነበር፤ ያስታውቃል።

«ሰም ሰም ይላል፣ እማ» አለች። «ግን ደግሞ ይሞቃል።»

ከዚያ ስንጥሯን አንስታ ደጅ ወጣች።

በዚያ ዓመት ብዙ ለቅሶ ተጠራሁ። ለቅልጥም አልቅሳ ሰው ያስለቀሰች ተብዬ ከሌላ ከተማ ሳይቀር ሰው ይመጣብኝ ነበር። ገንዘብም መጣ። ወተት ገዝቼ በጓሮ በኩል፣ ቃጭሉን በጨርቅ አስጠቅልዬ ማስገባት የጀመርሁት ሐምሌ ላይ ነው። ወጌሻው መጥቶ እግሮቿን ዳበሰና፣ ዘግይታችኋል አለ። ወተቱ ለሌላ ሌላው ይጠቅማታልና አታቋርጡ ብሎ፣ ለድካሙ የሰጠሁትን ሳይቀበል ሄደ።

ቅልጥሙ እስከ ዛሬ ይዞራል። ሰሙ ጥሩ ሰም ነው።

ትርንጎ አግብታ ከአደባባዩ ማዶ ነው የምትኖረው። ደጇ ላይ ሁለት ፍየሎች ታስረዋል። ልጠይቃት ስሄድ ወተት ታጠጣኛለች፤ ወደ ቤቴ ስመለስ ልጆቿን አስከትላ እስከ አደባባዩ ድረስ ትሸኘኛለች። ሁልጊዜ ቀድማኝ ነው የምትሄደው፣ እኔ ከኋላዋ ነኝ። የልጆቿ እግር ቀጥ ያለ ነው። የእሷ አልተቃናም።